ሻምፒዮኑ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2015 ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያዎ ላስ ቬጋስ ላይ ሲገጥሙ፣ ፍልሚያውን ቤት ሆኖ በቴሌቪዥን ለማየት 100 ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የፓርኪንግ ልጆች ተዋጥተን ከፈልንና ከዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ በአንድ ወዳጃችን አፓርታማ ውስጥ ተሰበሰብን። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ የኩሽናው በር ሳይቀር ሰው ሞላው። ግማሾቹ ቦክስ ተከታትለው የማያውቁ፣ “የክፍለ ዘመኑ ፍልሚያ” ሲባል ሰምተው የመጡ ነበሩ። 12ቱ ዙር አልቆ ሜይዌዘር በነጥብ ማሸነፉ ሲነገር ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ዞር ብሎ “ጋሼ፣ በቃ ይኼው ነው?” አለኝ። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቦክስ እንይ ሲሉት እሺ ብሎ አያውቅም።

ያን ሌሊት አሜሪካ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት ከፍሎ ተመልክቷል። ቦክስ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ከፋይ መጥቶለት አያውቅም፤ ይዞ ግን ሊያቆየው አልቻለም። ጥፋቱን በሁለቱ ቦክሰኞች ላይ አልጥልም። ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያዎ 36 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ስለ ፍልሚያው ድርድር የተጀመረው በ2009 ሲሆን፣ ያኔ ሁለቱም በጉልበታቸው ሙሉ ነበሩ። መጀመሪያ በደም ምርመራ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀሩ። ከዚያ ክፍያው፣ ከዚያ የአወዳዳሪዎቹ ጠብ፣ ከዚያ የሁለት ተቀናቃኝ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ውል እየተጨመረ አምስት ዓመት አለፈ። ተመልካቹ የከፈለው ለ2010 ፍልሚያ ነው፤ ያየው የ2015ቱን ነው።

ቦክስ ተመልካች እንዲበዛለት ምን ይደረግ ሲባል ብዙ ሰው ስለ ሙዚቃና ስለ መብራት ያወራል፤ የዩቲዩብ ዝነኞችን ሪንግ ውስጥ ማስገባትም መፍትሔ ተብሏል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስፖርት የምወድ ሰው እንደመሆኔ፣ የጎደለው ድምቀት ነው ብዬ አላምንም። ቦክስ ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሻምፒዮኑ ማን እንደሆነ፣ እየተካሄደ ያለውን ፍልሚያ ማን እየመራ እንደሆነ፣ ምርጦቹ መቼ እንደሚገናኙ በግልጽ አይነግረውም።

ከሻምፒዮኑ ልጀምር። የዓለም ሻምፒዮን የሚል ቀበቶ የሚሰጡ አራት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ ደብሊው ቢ ኤ፣ ደብሊው ቢ ሲ፣ አይ ቢ ኤፍ እና ደብሊው ቢ ኦ። አራቱም የሚጋሯቸው የክብደት መደቦች ደግሞ 17 ናቸው። አራቱ በ17 ሲባዛ 68 ቀበቶ ይሆናል፤ “ጊዜያዊ” የሚልና መሰል ቅጽል እየተጨመረላቸው የሚታደሉት ሳይቆጠሩ ማለት ነው። በ1950ዎቹ የክብደት መደቦቹ ስምንት ነበሩ፤ በየመደቡም ባብዛኛው የሚጠራው አንድ ስም ነበር። ቀበቶው የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ድርጅቶቹ በማዕረግ ግጥሚያ ከቦክሰኛው ክፍያ ላይ በመቶኛ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሻምፒዮን በበዛ ቁጥር ገቢያቸው ይበዛል።

ይህ ነገር ምን እንደሚያስከትል ከኦሌክሳንደር ኡሲክ በላይ የሚያሳይ የለም። ዩክሬናዊው ኡሲክ በሜይ 2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፊዩሪን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛንን አራቱንም ቀበቶዎች ጠቀለለ። ከባድ ሚዛን ከሌኖክስ ሉዊስ ወዲህ፣ ማለትም ከ1999 ወዲህ አንድ አከራካሪ ያልሆነ ሻምፒዮን ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ወንድሜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነቅቶ ሲመለከት ቆይቶ “ተመስገን፣ አንድ ሰው ተገኘ!” ብሎ ደወለልኝ። ደስታው የቆየው ከአንድ ወር ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ኡሲክ ከፊዩሪ ጋር የመልስ ግጥሚያ ውል ስለነበረው አይ ቢ ኤፍ ያዘዘለትን ሌላ ተጋጣሚ መግጠም አልቻለም፤ ቀበቶውን ለቀቀ። ቀበቶው ለእንግሊዛዊው ዳንኤል ዱቧ ተሰጠ። ዱቧ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ዌምብሌይ ላይ፣ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ፊት፣ አንቶኒ ጆሹዋን በ5ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ዱቧ ጠንካራ ቦክሰኛ ነው፤ በዚያ ምሽት ያሳየውም እውነተኛ ጀግንነት ነው። ነገር ግን በዚያ ስታዲየም የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ የተጠራው ሰው ኡሲክን አላሸነፈም። በጁላይ 2025 ሁለቱ እዚያው ዌምብሌይ ተገናኙና ኡሲክ በ5ኛው ዙር ዘረረው። ነገሩ የተስተካከለው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በመሀል ስንት ሰው ግራ ተጋብቶ ፊቱን አዞረ?

ድርጅቶቹ በፈቃዳቸው አንድ ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። አቅሙ ያለው ገንዘቡን የሚከፍሉት የቴሌቪዥን ኩባንያዎች እጅ ነው። በአንድ የክብደት መደብ አንድ ሻምፒዮን ብቻ እንቀበላለን፤ እሱንም ሪንግ ውስጥ ያሸነፈው ብቻ ይተካዋል፤ ሌላውን ቀበቶ በስርጭታችን ስሙን አንጠራም ቢሉ፣ ማንም የማይጠራውን ቀበቶ ለመያዝ የሚከፍል ቦክሰኛ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዳኝነቱ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው። ሦስት ዳኞች በሪንጉ ሦስት ጎን ይቀመጣሉ። ዙሩን ያሸነፈ 10፣ የተሸነፈ 9፣ የወደቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 8 ይሰጠዋል። ነጥቡ በየዙሩ ይሰበሰባል፤ የሚነገረው ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 2017 ካኔሎ አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን ላስ ቬጋስ ላይ ሲገጥሙ፣ ከጠየቅኳቸው የቦክስ ወዳጆች አብዛኞቹ ጎሎቭኪን በጥቂት ዙር በልጧል ባይ ነበሩ። አንደኛው ዳኛ ለጎሎቭኪን 115 ለ113 ሰጠ፤ ሌላው 114 ለ114 አለ፤ ሦስተኛዋ ዳኛ ለካኔሎ 118 ለ110 ሰጠች። ይህ ማለት ጎሎቭኪን ከ12 ዙር ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው ማለት ነው። ውጤቱ አቻ ተባለ። በማርች 1999 ሌኖክስ ሉዊስና ኢቫንደር ሆሊፊልድ ኒው ዮርክ ላይ አቻ ሲባሉም የብዙ ሰው ስሜት ይኸው ነበር።

መፍትሔው ለመሞከር ቀላል ነው። ደብሊው ቢ ሲ የዳኞቹን ነጥብ ከ4ኛውና ከ8ኛው ዙር በኋላ በይፋ የማሳወቅ አሠራር አለው፤ ትልልቆቹ ፍልሚያዎች ግን ብዙውን ጊዜ አይጠቀሙበትም። የሚነሳበት ተቃውሞ መሪው ውጤቱን ካወቀ በቀሩት ዙሮች እየሸሸ ይጨርሳል የሚል ነው። ይህ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ግን የተመራው ሰው በዝረራ ከማሸነፍ ሌላ አማራጭ እንደሌለው ያውቃል፤ ሕዝቡም ያውቃል፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ልብ የሚሰቅሉ ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ዳኛ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሲሄድ በ4ኛው ዙር ይታያል። በዲሴምበር 2024 በኡሲክና በፊዩሪ የመልስ ግጥሚያ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዳኛ ለሙከራ ቀርቦ ነበር፤ ነጥቡ ባይቆጠርም ለኡሲክ 118 ለ112 ሰጠ። ሦስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው 116 ለ112 ሰጥተውታል። እኔ ሰውን በማሽን መተካት አልፈልግም። የምፈልገው ከፍልሚያው በኋላ ማይክሮፎን ፊት ቀርቦ “7ኛውን ዙር ለእገሌ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው” የሚል ዳኛ ነው።

ምርጦቹ በጊዜ የማይገናኙት ለምንድን ነው? ትልቁ ምክንያት ሽንፈትን መፍራት ነው። ሜይዌዘር 50 ጊዜ ተጋጥሞ 50ውንም አሸንፎ ከወጣ ወዲህ፣ ያልተሸነፈ መባል ከችሎታው በላይ ዋጋ አገኘ። አወዳዳሪዎችም ወጣቱን ቦክሰኛ ለዓመታት ከደካማ ጋር እያጋጠሙ በሽንፈት መዝገቡ ላይ ያለችውን ዜሮ ይጠብቁለታል። ብዙ ባለሙያዎች ከሁሉም ቦክሰኞች የሚያስቀድሙትን ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን እንመልከት። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1943 ዲትሮይት ላይ በጄክ ላሞታ ተሸነፈ፤ በሙያው የመጀመሪያ ሽንፈቱ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ዲትሮይት ላሞታን መልሶ ገጥሞ አሸነፈው። ሁለቱ በአጠቃላይ ስድስት ጊዜ ተጋጥመዋል። ሮቢንሰን በሙያ ዘመኑ 19 ጊዜ ተሸንፏል፤ በዚህ ምክንያት ስሙ ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተንታኞችና እኛ ተመልካቾችም እዚህ ላይ ድርሻ አለን። ከጠንካራ ጋር ገጥሞ የተሸነፈውን ከደካማ ጋር ገጥሞ ካሸነፈው በላይ ማክበር መልመድ አለብን።

ሰው ቦክስ የሚያየው ደግሞ ለቡጢው ብቻ አይደለም፤ ሪንግ ውስጥ የቆሙት እነማን እንደሆኑ ሲያውቅ ነው ልቡ የሚሰቀለው። ይህን ለማስረዳት ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ፍልሚያ አለ። በሰኔ 1927 ዓ.ም. (ጁን 1935) ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ላይ የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን እያጓጓዘ ነበር። የጥቁሮች ጋዜጦችም፣ የሐርለም ነዋሪዎችም ፍልሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነው ያዩት። ካርኔራ በክብደት ከሉዊስ 29 ኪሎ ያህል ይበልጣል። ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተገኘ፤ ፖሊስ ረብሻ ፈርቶ በብዛት ተሰለፈ፤ የሪንጉ አስተዋዋቂም ሕዝቡ በስፖርታዊ ጨዋነት እንዲመለከት ተማጸነ። ሉዊስ በ6ኛው ዙር ግዙፉን ሰውዬ ደጋግሞ ጣለውና ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ። ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

እንዲህ ያለ ታሪክ በማስታወቂያ ሊፈበረክ አይችልም፤ መፈብረክም የለበትም። ቦክሰኞች ግን ሁሉም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳሠለጠናቸው፣ ለምን እንደሚፋለሙ በወጉ ቢነገረን ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተገፈታትረው ጠረጴዛ ከሚገለብጡ የበለጠ ይስቡናል።

ስለ ክፍያውና ስለ ሰዓቱ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። በ1978 መሐመድ አሊና ሊዮን ስፒንክስ ሁለት ጊዜ ሲገጥሙ አሜሪካዊ ሁሉ በነጻ ቴሌቪዥን ተመለከተ። በሴፕቴምበር 2025 ካኔሎና ቴረንስ ክሮፎርድ የተጋጠሙት በኔትፍሊክስ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ አልነበረውም፤ ኩባንያው ከ41 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው ብሏል። እኛ ቤት ባለቤቴና ልጄ ቦክስ እስከ መጨረሻው ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጄ በ9ኛው ዙር “አባዬ፣ ማን እየመራ ነው?” አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ የዳኞቹ ነጥብ አልነበረምና የራሴን ግምት ነገርኳት። ዋናው ፍልሚያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ካልሆነ አይጀመርም። ንጋት 11 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው እንዴት አድርጎ ያየዋል? የሚጀመርበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ፣ ይከበርም።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በኖቬምበር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲፋለም በ14ኛው ዙር ወድቆ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ደብሊው ቢ ሲ 15ቱን ዙር ወደ 12 ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፍልሚያን ማራኪ እናድርግ ብሎ የቦክሰኛውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሐሳብ ሁሉ መጣል አለበት። አሠልጣኙ ኤዲ ፉች በ1975 ማኒላ ላይ ጆ ፍሬዘርን ከመሐመድ አሊ ጋር ለ15ኛው ዙር እንዳይወጣ ሲከለክለው፣ አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀረው። ያ ፍልሚያ እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ ይቆጠራል። ሰው ሳይጎዳ በጊዜ የቆመ ፍልሚያ ሲያጋጥም ማፏጨታችንን እንተው።

ቦክስ አይተው የማያውቁ አንባቢዎች ካሉ ከየት ይጀምሩ ብባል፣ አፕሪል 30 ቀን 2022 አየርላንዳዊቷ ኬቲ ቴይለርና ፖርቶሪካዊቷ አማንዳ ሴራኖ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያደረጉትን እጠቁማለሁ። በዚያ ስመ ጥር አዳራሽ ሴቶች ዋናውን ፍልሚያ ሲያደርጉ የመጀመሪያው ነበር፤ ከ19 ሺህ በላይ ትኬት ተሸጦ አልቋል። የቀላል ሚዛን አራቱም ቀበቶዎች ስለቀረቡ አሸናፊዋ ሻምፒዮን መሆኗ አላከራከረም። ሁለቱም በሴቶች ቦክስ ምርጥ ከሚባሉት ሲሆኑ፣ የተገናኙትም አቅማቸው ሳይደክም ነው። 10 ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሁሉንም ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። 5ኛውን ዙር ሳያዩ አይነሱ።