የድምፅ ዕለታዊ ማስታወሻ በቻትቦት፡- ለጥናት የሚሰጠው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ መጠይቅ ነዋሪው በዚያች ዕለት ያስታወሰውን እንጂ ከቀን ወደ ቀን የሚያጋጥመውን በተሟላ መልኩ አያሳይም። ይህንን ክፍተት ለመሙላት በዓይነታዊ ጥናት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ተሳታፊው ውሎውን በራሱ አንደበት የሚቀርጽበት የድምፅ ዕለታዊ ማስታወሻ ነው። ቀደም ሲል በካሴት መቅረጫ ይከናወን የነበረው ይህ ሥራ ዛሬ በቻትቦት፣ ማለትም በስልክ መልዕክት በራሱ በሚልክና በሚቀበል ፕሮግራም አማካይነት ሊከናወን ይችላል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የቦት አገልግሎት የሚዘጋጀው ፕሮግራም በተወሰነ ሰዓት «ዛሬ ውኃ ለማግኘት ምን አጋጠመዎት?» የሚል ጥያቄ ይልካል፤ ተሳታፊው በድምፅ ይመልሳል፤ ምላሹም ከስም ይልቅ በመለያ ቁጥር ይመዘገባል። በባቱ በአበባ እርሻ የምትሠራ ነዋሪ በሥራ ሰዓት ለሚመጣ ጠያቂ ጊዜ ባይኖራትም ማታ ከቤቷ ሁለት ደቂቃ መናገር አያዳግታትም። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ መጻፍ የማይችል ነዋሪ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሐሳቡን ይገልጻል።

ቻትቦት ባይሆኑም በስልክ የተከናወኑ ተመሳሳይ ሥራዎች በአገሪቱ አሉ። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 መስመር በተራ የእጅ ስልክ ጭምር የግብርና ምክር በድምፅ ለማድረስ አስችሏል። ባቱን፣ ደብረ ታቦርንና ድሬዳዋን ያካተተው «ጌጅ» የተሰኘው ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ጥናትም በ2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ቃለ መጠይቆችን በስልክ አካሂዷል።

ዘዴው ውስንነት አለው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ነዋሪ ከጥናቱ ውጭ ይሆናል። ቦቱ እንደ ሰለጠነ ጠያቂ ጉዳዩን ጠልቆ ስለማይመረምር የገጽ ለገጽ ቃለ መጠይቅን አይተካም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የተሳታፊው ምስጢር ነው። በቀበሌው አገልግሎት ላይ ቅሬታውን ያሰማ ነዋሪ ስሙ ባይጻፍም በድምፁ ሊለይ ይችላል። ከቦት ጋር የሚደረግ ልውውጥ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ጭምር ስለሚቀመጥ ቅጂውን ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር መሰረዝ ብቻውን በቂ አይሆንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይደነግጋል።

በመሆኑም ጥናት የሚያስጠና መሥሪያ ቤት ቅጂውን ማን እንደሚሰማና መቼ እንደሚወገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊወስን፣ የተሳታፊውንም ፈቃድ በሚረዳው ቋንቋ ሊቀበል ይገባል። ቅሬታ የቀረበበት ክፍል ኃላፊ ድምፁን ሳይሆን በጽሑፍ የተጠቃለለውን ግኝት ብቻ እንዲያገኝ ማድረግም ነዋሪው ያለ ስጋት እንዲናገር ያግዛል።