ባትማን ሳይሰናበት የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ዛሬ ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ በደንብ ስለሚያውቁት ሰው፣ ስለ ባትማን እናወጋለን። ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ አንድ አመሉ።

ባትማን ኮሚክስ በሚባሉት የአሜሪካ የሥዕል መጽሔቶች እ.ኤ.አ. በ1939 ብቅ አለ። የፈጠሩት ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ናቸው። የጎታም ከተማ ፖሊስ ኮሚሽነር ጎርደንም ከመጀመሪያው ታሪክ ጀምሮ አለ።

ሁለቱ ሌሊት በፖሊስ መምሪያው ጣሪያ ላይ ይገናኛሉ። ጎርደን ስለ አንድ ወንጀለኛ እያስረዳ ለአፍታ ፊቱን ያዞራል። መለስ ሲል ማንም የለም፤ ለካ ከነፋስ ጋር ነው የሚያወራው! እንግዳውን እስከ ደጅ ሸኝቶ፣ ደጅ ላይም ቆሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ለሚያወጋ የእኛ ሰው ይህ ነውር ነው። ታዲያ ለምን ያደርገዋል?

አንደኛው ምክንያት ባትማን ተራ ሰው መሆኑ ነው። እንደ ሱፐርማን አይበርም፤ ጥይትም ይገድለዋል። በልጅነቱ ወላጆቹን ወንጀለኛ የገደለበት ሀብታም ነው። ዋና መሣሪያው ፍርሃት ነው። ደረጃ ሲወርድ ወይም ገመድ ሲያስር የታየ ሰው ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

ሁለተኛው ሕግ ነው። ባትማን ፖሊስ አይደለም፤ ጎርደን ግን የሕግ ሰው ነው። ቁጭ ብለው ቢጨዋወቱ «አንተ ማን ነህ? በማን ሥልጣን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከ1966 እስከ 1968 በታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ባትማን ሕጋዊ የፖሊስ ረዳት ነበር። ስለዚህ ጎርደን በቀይ ስልክ ይጠራዋል፤ እሱም በጠራራ ፀሐይ ቢሮው ይመጣል። በ1970ዎቹ ግን ደራሲው ዴኒ ኦኔልና ሠዓሊው ኒል አዳምስ ወደ ጨለማው መለሱት። ድንገት መጥፋትም የሚስማማው ለዚህኛው ባትማን ነው።

ሦስተኛው የሥዕሉ አሠራር ነው። የኮሚክስ ገጽ በሳጥን በሳጥን የተከፈለ ነው፤ በሳጥኖቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ። በአንዱ ሳጥን ባትማን ቆሟል፤ በሚቀጥለው የተከፈተ መስኮትና የሚወዛወዝ መጋረጃ ብቻ ይታያል። እንዴት እንደወጣ ሠዓሊው አይስልም፤ አንባቢው በሐሳቡ ይሞላዋል። ሲኒማም ካሜራውን ወደ ጎርደን ዞር በማድረግ ይህንኑ ይሠራል።

ነገር ግን የዚህን አመል ዋጋ የሚከፍለው እዚያው የቀረው ሰው ነው። ጎርደን ጥያቄው ሳይመለስ፣ ምስጋናው ሳይደርስ ይቀራል። በ2005 በወጣው «ባትማን ቢጊንስ» መጨረሻ ላይ ጎርደን ገና እንዳላመሰገነው ይነግረዋል። ባትማን ግን ምስጋና መቼም እንደማያስፈልግ መልሶ ከጣሪያው ይወረወራል። በ2012ቱ «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ደግሞ ተራው የራሱ ይሆናል፤ ሴሊና የምትባለው ሌባ እያነጋገራት ትሰወርበታለች። ለካ ስሜቱ እንዲህ ነው ብሎ የሚገነዘበው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከልጆቹ ጋር ስታዩት፣ ብቻውን ጣሪያው ላይ የቀረው ጎርደን ምን እንደሚሰማው ጠይቋቸው። ልጆች ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ጠፋው ሰው ነው፤ እናንተ የቀረውን አሳዩአቸው።

እኛ ግን ሳንሰናበት አንሄድም። ሰላም ሁኑልን።