የጎዳና ልጆችን ወደ ቤት መመለስ፦ ሕክምና፣ መጠለያና ትምህርት ለምን ሊነጣጠሉ አይችሉም?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ በደሌና ወደ ቡሬ የሚያመሩ መንገዶች መገናኛ ናት። እህልና ቡና በሚጓጓዝበት በዚሁ መንገድ ከገጠር ቀበሌዎች የሚወጡ ልጆችም ወደ ከተማዋ ይገባሉ። ውሏቸው መናኸሪያና ገበያ ነው፤ ሊስትሮ ሆነው ጫማ ያሳምራሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ ከምግብ ቤት የተራረፈ ቡሌ ይመገባሉ። በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ልጆቹን ከቤት የሚያስወጣቸው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። የወላጅ ሞት፣ የትዳር መፍረስ፣ የእርሻ መሬት መጥበብና ሥራ ፍለጋ ይጠቀሳሉ። በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ከካማሺ ዞን ወደ ወለጋ የተፈናቀለው ሕዝብና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ግጭትም በርካታ ቤተሰቦችን በትኗል።

ሕክምና

በጎዳና የሚያድር ልጅ ለቁስል፣ ለቆዳ በሽታና ለሳንባ ሕመም ይጋለጣል፤ ብርድንና ረሃብን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስብም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባልነት በቤተሰብ ስለሚመዘገብ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ተጠቃሚ መሆን ያዳግተዋል። የበጎ አድራጎት ድጋፍ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ቢሰጥም፣ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ማደሪያ የሌለው ልጅ ይህን መፈጸም ይቸገራል፤ ስለዚህ ሕክምናው መጠለያን ይጠይቃል።

መጠለያ

መጠለያ የመጨረሻ ማረፊያ ሳይሆን መሸጋገሪያ ነው። ልጁ እስኪያገግም ድረስ ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤተሰቡን ያፈላልጋሉ፤ ከቤት ያስወጣው ችግር መቃለሉንም ያረጋግጣሉ። ችግሩ እንዳለ ሆኖ የተመለሰ ልጅ ተመልሶ ጎዳና መውጣቱ አይቀርም። ዘመድ ካልተገኘ አማራጩ ጉዲፈቻ ነው። ቃሉ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛው የሕግ ቋንቋ የገባ ሲሆን፣ በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ ሳይለይ ያድጋል። በሕግ የሚጸናው ግን ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ማገዱም የሀገር ውስጥ ቤተሰቦችን ድርሻ ከፍ አድርጎታል።

ትምህርት

ዕድሜው ያለፈ ልጅ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል መቀመጥ ያሳፍረዋል። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የመጀመሪያውን እርከን 4 ክፍሎች በ3 ዓመት እንዲጨርስ ስለሚያስችል ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ይስማማል። ደብተር፣ ልብስና ምሳ ግን ለጋሽ ይሻሉ።

የበጎ አድራጎት ሥራ ከትንሽ እንደሚጀምር የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሕይወት ይመሰክራል። በ1972 ዓ.ም ወደ ግሸን ማርያም ባደረጉት ጉዞ በረሃብ የተጎዱ ልጆችን አግኝተው ማሳደግ ጀመሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የተጠለሉት 21 ደረሱ። በ2013 ዓ.ም ሲያርፉ ስማቸውን የያዘው ድርጅት እልፍ ሕፃናትን ደግፎ ነበር።

ከማኅበረሰቡ የሚጠበቀው

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ጥበቃው የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። አርሶ አደሩ ልጁ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ ልደቱን ማስመዝገብ፣ ልጅን በደላላ አማካይነት ወደ ከተማ ከመላክም መቆጠብ ይገባዋል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ አዲስ ልጅ በጎዳና ሲመለከት ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ፈጥኖ ቢያሳውቅ፣ ልጁ ጎዳናን ሳይለምድ ወደ ቤተሰቡ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። ለልጁ እጅ የሚሰጥ ሳንቲም የዕለት ረሃቡን ያስታግሳል፤ ለሕክምናው፣ ለማደሪያውና ለትምህርቱ የሚውል ድጋፍ ግን ከጎዳና ያወጣዋል።