መጀመሪያ ጣቶቹን እዩ

ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ሰውን እያንሸራተተ ነው መሰል፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ስብራትና ወለምታ ሆኗል። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፦ እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ሲገጥማችሁ ቶሎ ብላችሁ ጣቶቹን እዩ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ከአጥር ላይ ወድቆ ክንዱ ከክርኑ ከፍ ብሎ የተሰበረ ልጅ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ሰፈር ውስጥ ዙሪያውን የቀርከሃ ስንጥር ተደርጎ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮለታል። እናቱ «የመጀመሪያውን ሌሊት ሲጮህ ነው ያደረው፤ በማግስቱም እንደዚያው። ኋላ ግን ተሻለውና ዝም አለ» አለችን። ማሰሪያውን ስንፈታው እጁ ቀዝቅዟል፣ የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል፣ ብንነካውም አይሰማውም። ልጁ ዝም ያለው ነርቩ ስለሞተ ነበር። እጁን ማትረፍ አልተቻለም።

ይህ እሱ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በአገራችን የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ነው። ስብራቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጊዜው ቢታይ በጄሶ ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚድን ዓይነት ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አጥንት ሲሰበር ውስጥ ለውስጥ ይደማል፣ አካባቢውም ያብጣል። እብጠቱ በዚያው ቀን አያበቃም፤ እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ሊጨምር ይችላል። የክንድና የቅልጥም ጡንቻዎች ደግሞ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ውስጡ ጥግብ ብሎ እንደተሞላ ጆንያ ይወጠርና ቀጫጭኖቹን የደም ስሮች ይጫናል። ከላይ ጠባብ ማሰሪያ ሲጨመርበት የባሰ ይሆናል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጠዋት ሲታሰር ልክ የነበረ ማሰሪያ ማታ እጅ ሊያስቆርጥ የሚችለው ለዚህ ነው።

ጣቶቹን እዩ ስል እንዲህ ነው። ጥፍሩን ነጭ እስኪሆን ጫን አድርጋችሁ ያዙትና ልቀቁት፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። ከጤነኛው እጅ ጋር እያስተያያችሁ ዳስሱት፤ ቀዝቅዟል? ስትነኩት ይሰማዋል? ራሱ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል? ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት ግን ሕመም ነው፦ ማስታገሻ የማይመልሰው፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር የሚብስ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት የሚያስጮኸው ሕመም። ይህን ካያችሁ ጥፍሩ ቀይ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ማሰሪያውን ፍቱና ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

ታዲያ ሰው ወድቆ ከፊታችን ሲያቃስት ምን እናድርግ? የተሰበረውን ማስተካከል የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ባለበት እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ ካደረሳችሁት ትልቁን ሥራ ሠርታችኋል። ቀለበት፣ አምባር፣ የእጅ ሰዓት ካለ እብጠቱ ሳይቀድማችሁ አውልቁ። ለእጅ የፓስታ ወይም የዘይት ካርቶን ይበቃል። ቁረጡት፣ ግራና ቀኙን ወደ ላይ አጥፉት፣ ውስጡን በጨርቅ አለስልሱና እጁን ባገኛችሁት አኳኋን አሳርፉበት። ካርቶኑ ከስብራቱ በላይም በታችም ያለውን መገጣጠሚያ ይዞ እንዳይነቃነቅ ያድርግ። ስታስሩ ስብራቱ ላይ አትቋጥሩ፣ በጨርቁ ሥር አንድ ጣት እንደልብ ይግባ፣ የጣቶቹ ጫፍ አይሸፈን። ከዚያ ነጠላ በሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ ክንዱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሉት፤ ነጠላ ለዚህ ሥራ ከየትኛውም ፋሻ አያንስም። ስትጨርሱ ጣቶቹን እንደገና እዩ፤ መንገድ ላይም ደጋግማችሁ እዩ።

የእግር ከሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል የታጠፈ ጋቢ አስገብታችሁ የተጎዳውን ከጤነኛው ጋር አስተሳስሩት። የጭን አጥንት ስብራት ግን ከእግር ጉዳትም ያለፈ ነው። ደም ከውጭ ሳይታይ 1 ሊትርና ከዚያ በላይ እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ የዳሌ አጥንት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሰውየው ከገረጣ፣ ካላበው፣ ከቀዘቀዘ፣ ነገር ማምታታት ከጀመረ አጋድማችሁ አልብሱትና ጊዜ ሳታባክኑ አድርሱት። ውኃ ስጡኝ ቢላችሁ እንኳ አትስጡ፤ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሆዱ ባዶ መሆን አለበት።

አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ወደ ውስጥ ለመመለስ አትሞክሩ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ እየደማ ከሆነ ዙሪያውን ተጫኑ። የተፈጨ ቡና፣ ጭቃ፣ እበት አይነካው። በየትኛውም መንገድ የገባ ቆሻሻ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት የሚመግል ቁስል ሊሆን ይችላል፤ መንጋጋ ቆልፍም አለ። ሆስፒታል እንደደረሰ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በቶሎ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ይህ ጉዳት እስኪነጋ የሚቆይ አይደለም።

ወለምታና ውልቃት ላይ ያለን ልማድ ማሸትና መጎተት ነው። የወለቀ ትከሻ ወይም ክርን አጠገቡ ነርቭና የደም ስር አለ፤ በጉልበት ሲጎተት ሊጎዱ ይችላሉ። የወለቀ የመሰለን ደግሞ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ያለ ራጅ ማወቅ ያስቸግራል። በተለይ ክርን አትሹ። ተጎድቶ በተደጋጋሚ የታሸ ክርን ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅልና መታጠፍ ሊያቅተው ይችላል። ቁርጭምጭሚት ሲዞር በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጉበት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት። በእግሩ አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ወይም ከጎኑ ያለው የአጥንት ጉብታ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ወለምታ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ራጅ ይነሳ።

ከፎቅ ወይም ከዛፍ የወደቀን፣ መኪና የገጨውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። አንገቱን ወይም ጀርባውን አመመኝ ካለ፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ወይም ራሱን ከሳተ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካልቀረበ በቀር ከቦታው አታንቀሳቅሱት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይዞር ያድርግ፣ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል 907ን፣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ይህን ሁሉ ስል ወጌሾችን ለመውቀስ አይደለም። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ሰዉ የሚያምነውና የሚደርስለት እነሱ ናቸው። በአገራችን በአንድ ሆስፒታል አካባቢ ለሚሠሩ ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ከዚያ በኋላ በጠባብ እሥር ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱ በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በአንድ ቀን ትምህርት ይህን ያህል እጅ ከተረፈ በየወረዳው የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሰፈራችሁ ውስጥ ወጌሻ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ክፍት ቁስል ያለበትንና ጣቱ የደነዘዘውን እንዳያስር በአክብሮት ንገሩት።

በመጨረሻም ሆስፒታል ጄሶ ተደርጎላችሁ ቤት ከገባችሁ ያው ነው፤ ጄሶም ሊጠብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እጁን ወይም እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት፣ ጣቶቹንም ያንቀሳቅስ። ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ቀጠሮዬ ሳምንት ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ተመለሱ። ጄሶ ቀዶ ማላላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።