ሳሙናው ከምግብ በፊት ይቅረብ

በየቤታችን የተገለበጠ አንድ ልማድ አለ። አባወራው ከግዳጅ ሲመለስ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይቀርባል፤ ውኃ ይፈስሳል፤ እጅ ለአንድ አፍታ ይርሳል፤ ወዲያው ወደ መሶቡ ይዘረጋል። ሳሙናው የሚመጣው ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባትና ሽታ ለማስለቀቅ ነው። በዚህ አኳኋን ሳሙና የወጥ እንጂ የበሽታ ጠላት ሳይሆን ቀርቷል።

ይህን የምንለው የአባቶቻችንን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም ውኃው ከላይ እየተንቆረቆረ መውረዱ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሳፋ እጁን ከመንከሩ እጅግ የተሻለ ነው። የጎደለው ሳሙናው ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። ከመስክ ልምምድ በተመለሰበት ምሽት እጁን በውኃ ብቻ አለቅልቆ የሦስት ዓመት ልጁን በናፍቆት ደጋግሞ አጎረሳት። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ በተቅማጥ ተዳክማ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ በእናቷ እቅፍ ወደ ክሊኒክ ተወሰደች። ዳነች። በሽታው ከዚያ ጉርሻ መምጣቱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ አለመምጣቱንም እንዲሁ።

ውኃ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጀርሞች በእጃችን ላይ ካለው ቅባትና እድፍ ጋር ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ሳሙና ቅባቱን ከቆዳ ሲያላቅቅ እነርሱም አብረው ይወርዳሉ። ለዚህ መዓዛ ያለው የገላ ሳሙና አያስፈልግም፤ የልብስ ሳሙናም ይበቃል። መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ የጣቶችን መሐልና የጥፍርን ሥር 20 ሴኮንድ ያህል ማሸት፣ ከዚያም በሚፈስ ውኃ ማለቅለቅ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥ በሽታን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጉዳዩ ያልተማረ ሰው ጉዳይ ነው የሚል ካለ የቪየናን ሐኪሞች ያስብ። በዚያች ከተማ አጠቃላይ ሆስፒታል ሐኪሞች አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1847 በእነርሱ የማዋለጃ ክፍል ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ሞቱ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም እጅ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ ካዘዘ በኋላ በጁን ወር ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ሆኖም ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አላመኑትም፤ የሐኪም እጅ በሽታ ያስተላልፋል መባሉ ክብር የነካባቸውም ነበሩ።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ኩራት አይጠፋም። ወታደር መሣሪያውን ፈትቶ ሲወለውል እጁ በዘይት ስለሚጠቁር ሳይታጠብ አይበላም። ከመጸዳጃ ቤት የወጣ እጅ ግን ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህ ይታለፋል። በሰፈር ውኃ እጥረት አለ የሚለውም ምክንያት አያዋጣም። ሥሩ በሚስማር የተበሳ፣ ቀዳዳው በእንጨት የተወተፈ አንድ ጄሪካን በመጸዳጃው ደጃፍ ቢሰቀል፣ ውኃው በቀጭኑ ስለሚወርድ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ሳሙናው በክር ይንጠልጠል፤ እንዲያ ካልሆነ እግር ያወጣል። ሳሙና ፈጽሞ በታጣበት መስክ ንጹሕ የምድጃ አመድ ከባዶ ውኃ ይሻላል።

በመጨረሻም ለወላጆች፦ የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋል። እናት ልጇን ካጸዳች በኋላ ሊጥ ከመንካቷ በፊት በሳሙና ትታጠብ። በዚያች ሰዓት ሁለቱም እጆቿ የቆሸሹ ስለሆኑ ማንቆርቆሪያውን ማንሳት የባል ሥራ ነው።