በወጣ ገባ መንገድ የብስክሌት ቸርኬን ከጉዳት መከላከል ይቻላል

አዲስ አበባ፦ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዊንጌት አካባቢ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚሰጥበት ተቋም ሆኗል። አካባቢው ከእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ግርጌ የሚገኝ እንደመሆኑ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶንም ወደ ጠጠርና ድንጋያማ መንገድ ለመሸጋገር ረጅም ጊዜ አይወስድበትም።

በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገዶችን ያካተተ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመዲናዪቱ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። በዚህም የመንግሥት ሠራተኞችን ጨምሮ በርካታ ነዋሪዎች በዕረፍት ቀናቸው ብስክሌት የሚነዱበት ዕድል ሰፍቷል። ይሁንና ለአስፋልት በተዘጋጀበት ሁኔታ ሳይፈተሽ ወደ ተራራ የሚወጣ ብስክሌት ቀድመው ከሚጎዱት ክፍሎቹ አንዱ ቸርኬው ነው።

ኢትዮጵያ በብስክሌት ስፖርት የቆየ ታሪክ አላት። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከአትሌቶቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋለች። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ይህ ሁሉ ግን የጎዳና ብስክሌት ታሪክ ነው። የተራራ ብስክሌት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተስፋፋና እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ወደ ኦሊምፒክ የገባ የስፖርት ዓይነት ሲሆን፣ በቸርኬ ላይ የሚያሳድረው ጫናም ከጎዳናው የተለየ ነው።

ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ክብ አካል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል። በብዙ ብስክሌቶች ላይ በ32 ወይም በ36 ቀጫጭን ሽቦዎች አማካይነት ከመሀል እምብርቱ ጋር ይያያዛል። ሽቦዎቹ ቸርኬውን ከየአቅጣጫው እኩል ወጥረው ስለሚይዙት ክብነቱን ጠብቆ ይሽከረከራል። አንዱ ሽቦ ሲላላ ግን የእርሱን ድርሻ ጎረቤቶቹ ይሸከማሉ፤ በዚህ ሁኔታ ድንጋይ ሲመታው ቸርኬው በቀላሉ ይጣመማል።

ለጉዳቱ ዋነኛው መንስኤ የጎማ አየር ማነስ ነው። በቂ አየር የሌለው ጎማ ከስለታም ድንጋይ ጋር ሲጋጭ እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል፤ የውስጥ ጎማውም በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዞች መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካገኘ ምክንያቱ ምስማር ወይም እሾህ ሳይሆን ይህ ግጭት መሆኑን ማወቅ ይገባል። ቀዳዳውን አስለጥፎ በዚያው የአየር መጠን መቀጠል በሚቀጥለው ጊዜ ቸርኬውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

የአየሩ መጠን ከመጠን በላይ መሆኑም መፍትሔ አይሆንም። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ እያንዳንዱን ንዝረት በቀጥታ ወደ ቸርኬውና ወደ ሽቦዎቹ ያስተላልፋል፤ መሬት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። የውስጥ ጎማ ላለውና ስፋቱ ከ2 ኢንች በላይ ለሆነ የተራራ ብስክሌት ጎማ፣ መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ከ30 እስከ 35 ፒ ኤስ አይ ባለው መጠን ቢጀምር ተስማሚ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ አለመተላለፍ፣ የሚበዛውን የሰውነት ክብደት የሚሸከመውን የኋላ ጎማም ከፊተኛው በ2 ወይም በ3 ፒ ኤስ አይ ከፍ ማድረግ ይመከራል። በኮምፕሬሰር የሚያስነፋ ሰው የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ከመኪና ጎማ እጅግ ያነሰ በመሆኑ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ሊያልፍ እንደሚችል ሊገነዘብ ይገባል። መለኪያ ያለው የእጅ መንፊያ የተሻለ አማራጭ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ አነዳድ ነው። የፍጥነት መጠን በእጥፍ ሲያድግ የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ፍጥነትን መቀነስ የሚገባው ድንጋዩ ወይም ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት ሲሆን፣ በላዩ ላይ ሲያልፉ ግን ፍሬኑን ላላ ማድረግ ጎማው እንዲንከባለል ይረዳል። ከኮርቻ ተነስቶ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ በማድረግ፣ ጉልበትንና ክርንን አጠፍ አድርጎ መቆም ምቱን በሰውነት መገጣጠሚያዎች ለማብረድ ያስችላል። ተቀምጦ የሚያልፍ ሰው አብዛኛውን ክብደቱን በኋላ ቸርኬ ላይ ይጭናል።

ሦስተኛው በዝግታ የሚደርስ ጉዳት ነው። ፍሬናቸው ቸርኬውን ከጎንና ከጎን በመያዝ በሚሠራ ብስክሌቶች ላይ የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል። በክረምት ወራት ጭቃና አሸዋ በመካከላቸው ሲገባ መፋቁ ይፋጠናል። በዚህ ምክንያት የሳሳ የቸርኬ ግድግዳ የጎማውን አየር ግፊት መቋቋም ተስኖት ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ በቁልቁለት መንገድ በፊተኛው ጎማ ላይ ቢደርስ ጎማው በድንገት ሊይዝና ነጂውን አሽቀንጥሮ ሊጥል ይችላል። የተጣመመ ቸርኬም የፍሬኑን አያያዝ ያዛባል። ከእንጦጦ ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በመጀመሪያ የጎማውን አየር መለካት፤ ቀጥሎ ብስክሌቱን አንስቶ ጎማውን በማሽከርከር በቸርኬውና በፍሬኑ መካከል ያለው ክፍተት ሳይወላወል መዝለቁን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያም በአንድ ወገን ያሉትን ሽቦዎች በጣት እየነኩ ድምፃቸውን ማነጻጸር ይገባል፤ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ሽቦ ላልቷል ማለት ነው። የላላውን ሽቦ በጫፉ ባለችው ዳዶ ከሩብ ዙር ባልበለጠ መጠን እያጠበቁ ውጤቱን ማየት እንጂ በአንድ ጊዜ መወጠር ቸርኬውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስበዋል። በመጨረሻም የቸርኬውን ጎን በጣት መዳሰስ ነው። ጎድጎድ ብሎ ከተገኘ ወይም በፋብሪካው የተበጀው የማለቂያ ምልክት ከጠፋ መለወጥ አለበት። ጥቂት የጎበጠ የአሉሚኒየም ጠርዝ በባለሙያ ሊቃና ሲችል፣ የተሰነጠቀ ቸርኬ ግን በብየዳ አይድንም።

ለሥራ ወይም ለሠራተኞቻቸው መዝናኛ ብስክሌት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። በግዥ ዝርዝር ውስጥ የቸርኬውን ዓይነትና መጠን መግለጽ፣ መለኪያ ያለው መንፊያና የሽቦ ማጥበቂያ ቁልፍ ማካተት፣ እንዲሁም ፍተሻውን በየሳምንቱ የሚያከናውን ሠራተኛ መመደብ ተጨማሪ ወጪው አነስተኛ ነው። ቸርኬ የሚጎዳው ድንጋዩ ላይ ቢሆንም ጉዳቱን መከላከል የሚቻለው ከቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ከመውጣት በፊት ነው።