ከመጫኑ በፊት የሚመረመር አፈር

ጎንደር ላይ የቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ፣ አለዚያም ከጥቁር ድንጋይ መበስበስ የመጣ ቀይ አፈር። ሲኖትራኩ ይሞላል፤ ሹፌሩም ወደ መድፊያው ይነዳል። ከተማዋ ግን ብዙ ዘመን የተኖረባት ናት። ጋራዥ በነበረበት ላይ ፎቅ ይሠራል፤ የድሮ ማደያ የነዳጅ ጋን ከመሬት ይነቀላል፤ የመኪና ባትሪ ሲፈታበት የኖረ ጓሮ መንገድ ይሆናል። ከእንዲህ ያለ ቦታ የወጣ አፈር በዓይን ሲታይ ከንጹሑ ላይለይ ስለሚችል፣ ከመጫኑ በፊት መመርመር አለበት።

ምርመራው ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው፣ አፈሩ አደገኛ ቆሻሻ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሲሆን መልሱ የሚገኘው በውስጡ ካለው እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ የነዳጅ ቅሪት ወይም አስቤስቶስ መጠን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የትኛው መድፊያ ሊቀበለው ይችላል የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው በዋናነት ውኃ ከአፈሩ ነቅሎ የሚያወጣው መጠን ነው።

ልዩነቱ ለጎንደር ደጋ ትልቅ ትርጉም አለው። ከደባርቅና ከዳባት እስከ ጎንደር ያለው ምድር በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ድንጋይ የሚፈጠር አፈር ደግሞ ማንም ሳይበክለው ክሮሚየምና ኒኬል ሊበዛበት ይችላል። አጠቃላይ መጠኑን ብቻ ያየ ሰው «ተበክሏል» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ብረቱ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀመጥ ውኃ በቀላሉ አያወጣውም። ከተፈታ ባትሪ የፈሰሰ እርሳስ እንዲህ አይታሰርም።

ውኃው የሚያወጣው የሚለካው ቀላል በሚመስል ዘዴ ነው። በአውሮፓ የሚሠራበት ደንብ ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ሆኖ የተዘጋጀ አፈር ይወስዳል፤ በደረቅ ክብደቱ 90 ግራም ያህሉን ከ900 ሚሊ ሊትር ገደማ የተጣራ ውኃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ያስገባና ለ24 ሰዓት ቀስ ብሎ ያገላብጠዋል። ጌሾ ተዘፍዝፎ ምሬቱን ለውኃው እንደሚለቅ፣ አፈሩም ሊለቅ የሚችለውን ይለቃል። ከዚያ ውኃው በረቂቅ ማጣሪያ አልፎ ይለካል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ አፈር የወጣው እርሳስ ከ0.5 ሚሊግራም ካልበለጠ፣ አፈሩ ሌሎቹንም መመዘኛዎች እስካሟላ ድረስ፣ ጉዳት የሌለውን ቆሻሻ በሚቀበለው መድፊያ ይገባል። ለአደገኛ ቆሻሻ በተሠራው መድፊያ ደግሞ ጣሪያው 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሳይታከም አይቀበርም። አሜሪካኖች ከውኃ ይልቅ ደካማ የአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ይጠቀማሉ፤ በቤት ቆሻሻ መካከል የተቀበረ አፈር የሚያገኘው ፈሳሽ አሲድነት እንዳለው በማሰብ ነው።

መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚመዝነው የቀረበለትን አፈር ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ አካፋ በያዘው ሰው እጅ ነው። ከክምሩ ላይ ላዩን አንድ ጭብጥ መዝገን አይበቃም። ከተለያየ ቦታና ጥልቀት የተወሰደው ሸራ ላይ ይከመራል፣ ይደባለቃል፣ ተደልድሎ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ይጣሉና የቀሩት እንደገና ይደባለቃሉ። ጥቂት ኪሎ እስኪቀር ይደጋገማል። ነዳጅ የሸተተው ወይም የተቃጠለ ዘይት ያጠቆረው አፈር ግን እዚህ ሸራ ላይ አይወጣም። ለብቻው፣ አየር በማያስቀር መልኩ አፉ ድረስ በተሞላ ብርጭቆ ዕቃ ይከደንና በበረዶ ሳጥን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሸራ ላይ ከተገላበጠ ቤንዚኑ ይተንና ውጤቱ ሐሰተኛ ንጽሕና ያሳያል። ቆሻሻውን አፈር ከንጹሑ ጋር ቀላቅሎ መጠኑን ማሳነስም በአውሮፓ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በየትም አገር ሊከለከል ይገባዋል።

ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። አንገረብ ላይ የተገደበው ውኃ ለከተማዋ መጠጥ ይውላል፤ የአካባቢው ጎርፍም በመገጭ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል። ታችኛው ክፍሉ ውኃ በማያሳልፍ ሽፋን ያልተለበጠ መድፊያ ውስጥ የገባ መርዝ ክረምት ሲመጣ መንገድ አያጣም።

ሕጉ አለ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ጉዳዩን ከሁለት አቅጣጫ ይይዙታል። አገሪቱ ዕዳውንም ታውቀዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ሄዶ ተቃጥሏል። እንዲህ ያለ መርዝ ሲያንጠባጥብ ከስሩ ያለው አፈርም አብሮ መርዝ ይሆናል። ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ የጤና መኮንንና ሳኒተሪያን ስታሠለጥን ለኖረችው ጎንደር አፈር የመመርመር ሥራ ባዕድ አይደለም።

ምርመራው ንጹሑን አፈር ከመድፊያ ማዳኑም ትልቅ ጥቅም ነው። ንጹሕነቱ የተረጋገጠ ቀይ አፈር ለሙሌት፣ ዋልካውም ለአትክልት ቦታ ሊውል ይችላል፤ ቦታው የሚጠበው መድፊያም ፋታ ያገኛል። የላቦራቶሪ ውጤት ቀናት ስለሚወስድ ግን ናሙናው መወሰድ ያለበት ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት፣ በእጅ በተቆፈሩ የሙከራ ጉድጓዶች ነው። አንዴ ተቆፍሮ ከተደባለቀ በኋላ የትኛው ከጋራዡ ወለል ስር፣ የትኛው ካልተነካው መሬት እንደወጣ መለየት ያስቸግራል፤ ያን ጊዜ ክምሩ በሙሉ በአደገኛው ዋጋ ይወገዳል።